የልጅ ቶንሲልና የሆስፒታል ቆይታ
(ማንበብና መጻፍ ለተማሩ ገበሬዎች በአንድ ጤና ሠራተኛ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጉሮሮ ነው። ጉሮሮ ትንሽ ቦታ ናት። ነገር ግን እህል የሚወርደው፣ ውሃ የሚያልፈው፣ አየር የሚመላለሰው በእርሷ በኩል ነው። እርሷ ከታመመች ሰውየው በሙሉ ይታመማል። ልጅ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው እንዴት ይታወቃል? እንደ ትልቅ ሰው «እዚህ ጋ አመመኝ» ብሎ አይናገርም። እንጀራውን ይገፋል። ምራቁን መዋጥ ያቅተዋል። ያተኩሰዋል። አንዳንዱ ጆሮውን ይዞ ያለቅሳል። ከመንጋጋው በታች ብትዳስሱት ንፍፊት ታገኛላችሁ። ያን ጊዜ አያት ትመጣና አፉን አስከፍታ ታያለች። «እንጥሉ ወርዷል» ትላለች። ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ቆራጭ ይጠራል።

እንግዲህ በመጀመሪያ እንጥልና ቶንሲል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እንወቅ። ማታ ቤታችሁ ስትገቡ በባትሪ እያበራችሁ የልጃችሁን አፍ ተመልከቱ። ከላንቃው መጨረሻ መሐል ላይ እንደ ጡት ጫፍ ተንጠልጥሎ የምታዩት ሥጋ እንጥል ነው። ከእርሱ ግራና ቀኝ፣ በጉሮሮው በር ላይ፣ እንደ ሁለት ዘበኞች የተቀመጡት እብጠቶች ደግሞ ቶንሲሎች ናቸው። ዘበኞች ያልኳቸው በከንቱ አይደለም። በአፍና በአፍንጫ የሚገባውን ተሐዋሲ ከሚከላከሉት የሰውነት ክፍሎች መካከል ናቸው። የሚያብጡትም ለዚህ ነው። ዘበኛ ሲዋጋ ይቆስላል።

እንጥል ሰውን አንቆ ይገድላል የሚባለው እውነት አይደለም። ጉሮሮ ሲቆጣ እንጥልም አብሮ ይቀላል፤ ያብጣል። ሕመሙ ሲድን እርሱም ወደ ቦታው ይመለሳል። እንጥል ስንውጥ ምግብ ወደ አፍንጫችን እንዳይወጣ ያግዛል፤ ለንግግርም ይረዳል። እርሱን በምላጭ ወይም በፈረስ ጭራ መቁረጥ፣ ቶንሲልን በጥፍር መቧጠጥ፣ ልጁን ከሕመም አያድነውም። ስንቱ ሕፃን በዚህ ደሙ ፈሶ ሞቷል! በዛገ ምላጭ ቴታነስ ይገባል። ለብዙ ልጆች በአገለገለ አንድ ምላጭ የኤች አይ ቪ ቫይረስ ሊተላለፍ ይችላል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የአገራችን የወንጀል ሕግም የልጅን እንጥል መቁረጥ ከጎጂ ልማዶች ጋር በስሙ ጠርቶ አንሥቶታል። ቆራጮቹ ክፉ ሰዎች ናቸው ለማለት አይደለም። አብዛኞቹ ከአባታቸው የተማሩትን የሚሠሩ፣ ጎረቤት የሚያከብራቸው ሰዎች ናቸው። ግን ደም ቢፈስስ የሚያቆሙበት መሣሪያ በእጃቸው የለም።

ታዲያ ጉሮሮ የታመመ ልጅ ምን ይደረግ? ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። የጉሮሮ ሕመም አብዛኛው በቫይረስ የሚመጣ ነው፤ በውሃ፣ በዕረፍትና በትኩሳት ማብረጃ በጥቂት ቀናት ይለቃል። አንዱ ዓይነት ግን ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ባክቴሪያ ይመጣል። አደገኛው ይህ ነው። ጉሮሮው የዳነ መስሎ ሁለትና ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ልጁን ቁርጥማት ይይዘዋል። ዛሬ ጉልበቱን፣ ነገ ቁርጭምጭሚቱን፣ ከነገ ወዲያ ክርኑን ያመዋል። ቁርጥማቱ ይለቃል፤ ልብ ላይ ያደረሰው ጉዳት ግን ሊቀር ይችላል። በልባችን ውስጥ ደም ወደ ፊት ብቻ እንዲሄድ የሚያደርጉ በሮች አሉ። ቫልቭ ይባላሉ። በሽታው እነዚህን በሮች ያበላሻቸዋል። በሩ በደንብ የማይዘጋ ቤት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። አምስት ዓመት ከሞላቸው ጀምሮ እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ያሉ ልጆች በብዛት ይያዛሉ። አቀበት መውጣት አቅቷት በየመንገዱ የምትቀመጥ ጉብል አይታችሁ እንደሆነ፣ ምናልባት ነገሩ የጀመረው በልጅነቷ ከጉሮሮዋ ይሆናል።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ፔኒሲሊን ነው። ጉሮሮው በታመመ በ9 ቀን ውስጥ ከተሰጠ ይህን የልብ በሽታ ይከላከላል። ወይ አንድ መርፌ ይወጋል፤ ወይ ለ10 ቀን የሚዋጥ ይታዘዛል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። የ10 ቀኑ መድኃኒት ሲታዘዝ ልጁ በሦስተኛው ቀን ይሻለውና ይጫወታል። እናት «ከዳነማ ለምን ይጨረሳል? ለታናሹ ይቀመጥ» ትላለች። ቁጠባ ጥሩ ነው፤ ይህ ግን ቁጠባ አይደለም። ባክቴሪያው ገና አልሞተም። መድኃኒቱ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ይሰጥ።

አሁን ወደ ኦፕራሲዮኑ እንምጣ። ቶንሲል የታመመ ሁሉ ቶንሲሉ ይውጣ ማለት አይደለም። በሠለጠኑት አገሮች ሳይቀር በዚህ ነገር ብዙ ቀልድ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1934 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት አለ። በኒው ዮርክ ከተማ 1000 የ11 ዓመት ልጆች ታዩ። 611ዱ ቀድሞውኑ ቶንሲላቸው ወጥቶ ነበር። 389 ቀሩ። ሐኪሞች መረመሯቸውና 174ቱ ቶንሲላቸው ይውጣ አሉ። 215 ቀሩ። እነዚህን «ደህና ናቸው» የተባሉትን ሌሎች ሐኪሞች እንዲያዩአቸው ተደረገ። 99ኙ ይውጣላቸው ተባለ። 116 ቀሩ። እነርሱም እንደገና ለሌሎች ሐኪሞች ቀረቡ። 51 ልጆች ይውጣላቸው ተባለ። ደብተራችሁን አውጥታችሁ ቀንሱት፤ ከሺው ልጆች የቀሩት 65 ብቻ ናቸው። እነርሱም የዳኑት መርማሪ ሐኪም ስላለቀ ይመስለኛል!

ዛሬ ሐኪሞች እንደዚያ አያደርጉም። ቶንሲል እንዲወጣ የሚመከረው በሁለት ዋና ምክንያት ነው። አንደኛው ሕመሙ እየተመላለሰ ሲያስቸግር ነው። ልኩም በአንድ ዓመት ውስጥ 7 ጊዜ፣ ወይም በተከታታይ 2 ዓመት በየዓመቱ 5 ጊዜ፣ ወይም በተከታታይ 3 ዓመት በየዓመቱ 3 ጊዜ የከፋ ሕመም ሲሆን ነው። ሁለተኛው ምክንያት ትንፋሽ ነው። ቶንሲሉ ከመተለቁ የተነሣ ልጁ ሲተኛ አየር ያጣል። ያንኮራፋል፤ ከዚያ ድምፁ ጭልጥ ብሎ ይጠፋል፤ ትንሽ ቆይቶ እንደ ሰመጠ ሰው ሲጥ ብሎ ይነሣል። ቀን ሲነጋጋው ይውላል። ሥጋ አይጨምርም። ብዙ ጊዜ ከአፍንጫው ጀርባ ያለው አዴኖይድ የሚባለው እጢም አብሮ አድጎ ይገኛል። እንዲህ ያለ ልጅ «እንቅልፋም ነው» ተብሎ መተው የለበትም።

ማንበብና መጻፍ መማራችሁ እዚህ ላይ ይጠቅማችኋል። ሐኪሙ «ስንት ጊዜ ታመመ?» ብሎ ሲጠይቅ «ኧረ ዘወትር ነው» ማለት ምንም አይነግረውም። ከልጆቻችሁ ደብተር አንድ ገጽ ለዚህ ይሁን። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «ጥቅምት 12 ቀን። ጉሮሮ። ትኩሳት 3 ቀን። ጤና ጣቢያ ሄደ። መርፌ ተወጋ።» ይኸው ነው። ዓመት ሲሞላ ገጹን ለሐኪሙ ታሳዩታላችሁ። ከብዙ ንግግር ይበልጣል።

ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል የሚልክ ወረቀት ይሰጣችኋል። ሪፈር የሚሉት ነው። እርሱን ሳትይዙ አትሂዱ። የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል የሆናችሁም መታወቂያችሁን ያዙ፤ መድኑ የሚሠራላችሁ በደረጃው ተልካችሁ ስትሄዱ ነው። ኦፕራሲዮኑን የሚሠራው የአንገት በላይ ሐኪም ነው። የአንገት በላይ ሐኪም ማለት የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ማለት ነው። በሁሉም ሆስፒታል አይገኝም። ስለዚህ ቀጠሮው ሊረዝም ይችላል። እህል ከገባ በኋላ ያለውን ጊዜ ብትመርጡ ይሻላል። ለምን እንደሆነ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት ልጁ ደም ይመረመራል። ጥያቄም ትጠየቃላችሁ። በዘመድ ውስጥ ደሙ ቶሎ የማይቆም ሰው አለ? ልጁ ሲቆረጥ ወይም ሲገረዝ ብዙ ደም ፈሶት ነበር? የሚነቃነቅ ጥርስ አለው? ይህን የሚጠይቁት ጥርሱ ወልቆ ወደ ትንፋሽ ቧንቧው እንዳይገባ ነው። ሳል አለው? የባሕል መድኃኒት ወስዷል? ሳታፍሩ እውነቱን ተናገሩ። ነጭ ለባሽ ሊቆጣን ይችላል ተብሎ የሚደበቅ ነገር ልጁን ይጎዳዋል።

ከዚያ የስምምነት ወረቀት ይመጣል። አንድ አባት በዚህ ወረቀት ፊት ሲቆሙ አይቻለሁ። የአምስት ዓመት ሴት ልጃቸው አጠገባቸው ቆማለች። ጸሐፊው የቀለሙን ሙዳይ ገፋ አደረገላቸው፤ አውራ ጣታቸውን እንዲያጠቅሱ ነው። እርሳቸው ግን «ቆይ ልጄ፣ አነባለሁ» አሉ። ጣታቸውን ከመስመር መስመር እያስኬዱ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ። ከኋላ ያለው ሰልፍ አጉረመረመ። «ማደንዘዣ» ከሚለው ቃል ሲደርሱ ቀና ብለው «ይህ ነገር ትነቃለች ወይ ትተኛለች?» ሲሉ ጠየቁ። ሲስተሯ መጥታ ቁጭ ብላ አስረዳቻቸው። ከዚያ ስማቸውንና የአባታቸውን ስም ጻፉ። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። እኔም ለእናንተ ልመልሰው።

ማደንዘዣ ማለት ልጁ ሕመሙ እንዳይሰማው ጥልቅ እንቅልፍ የሚያስተኛ መድኃኒት ነው። በመርፌ ወይም በሚተነፈስ አየር ይሰጣል። ኦፕራሲዮኑ እስኪያልቅ አንድ ባለሙያ ሌላ ሥራ ሳይሠራ የልጁን ትንፋሽና የልብ ምት ይጠብቃል። ሐኪሙ ቶንሲሎቹን የሚያወጣው በአፍ በኩል ነው። አንገት አይቀደድም፤ ከውጭ ጠባሳ አይኖርም። ደሙንም እዚያው ያቆመዋል። ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ከዚያ ልጁ ይነቃል።

ማደንዘዣ አንድ ጥብቅ ሕግ አለው። ልጁ ጾሙን መግባት አለበት። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ምግብ ቢያንስ ለ6 ሰዓት፣ የእናት ጡት ለ4 ሰዓት፣ ንጹሕ ውሃ ለ2 ሰዓት ይከለከላል። ለምሳሌ ኦፕራሲዮኑ ከጧቱ በ3 ሰዓት ቢሆን፣ ከእራት በኋላ ምግብ አይቀምስም፤ ውሃም ከጧቱ 1 ሰዓት በኋላ ይቆማል። ሆዱ ሙሉ ሆኖ ቢደነዝዝ ምግቡ ተመልሶ ሳንባው ውስጥ ይገባል። ይህ ይገድላል። እዚህ ላይ የምፈራው የአክስትንና የአያትን ርኅራኄ ነው። «አንጀቱ ታጥፎ!» ብለው ከነጠላቸው ሥር ቁራሽ ዳቦ ያጎርሱታል። እንዲህ ሆኖ ከተገኘ ደብቃችሁ አታስገቡት፤ ንገሩ። ቀጠሮው ለሌላ ቀን ይዛወራል እንጂ ሌላ ነገር አይመጣም።

ለልጁስ ምን ይነገረው? ብዙ ወላጅ «ገበያ እንሂድ፣ ከረሜላ እገዛልሃለሁ» ብሎ አታሎ ያመጣዋል። ሌላው ደግሞ ልጁ ባጠፋ ቁጥር «ዝም በል! መርፌ አስወጋሃለሁ!» ሲለው ኖሮ አሁን መርፌ ወደሚወጋው ሰው ያመጣዋል። ልጁ ቢጮህ ምን ይገርማል? እውነቱን በአጭሩ ንገሩት። «ጉሮሮህን የሚያምህን ነገር ሐኪሙ ያወጣልሃል። ትተኛለህ፤ ሲወጣ አይሰማህም። ስትነቃ ያምሃል፤ ግን ይለቅሃል። እኔ አጠገብህ ነኝ።» ይበቃል። የአራት ዓመት ልጅ ይህን ይረዳል። የለመደውን ጨርቅ ወይም መጫወቻ ያዙለት።

«እኔ አጠገብህ ነኝ» ያልኩት ቀላል ነገር አይደለም። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ልጅን ተቀብለው ወላጅን የሚመልሱበት ዘመን ነበር። በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ መጠየቅ ይፈቀድ ነበር። ልጁ መጀመሪያ ያለቅሳል፤ ኋላ ዝም ይላል። ሠራተኞቹ «ለመደ» ይሉ ነበር። ጄምስ ሮበርትሰን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1952 አንዲት የሁለት ዓመት ልጅ ሆስፒታል ተኝታ የቆየችባቸውን 8 ቀናት በፊልም አንሥቶ አሳየ። ፊልሙ ዝምታዋ መልመድ ሳይሆን ኀዘን እንደ ነበረ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1959 በሐኪሙ በሰር ሃሪ ፕላት የተመራ ኮሚቴ ወላጆች ልጆቻቸውን ያለ ገደብ ይጠይቁ ሲል ለመንግሥት አሳሰበ። የእኛ እናቶች ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል። በአገራችን ሆስፒታል የታመመ ልጅ ያለ አስታማሚ አይተኛም። እናቱ ከአልጋው ሥር ጋቢ አንጥፋ ታድራለች። ይህን ልማዳችንን እንያዝ። አባቶችም ተራ ግቡ እንጂ፤ ልጅ ማስታመም የሴት ሥራ ብቻ ነው ያለ ማነው?

ልጁ ከነቃ በኋላ በጎኑ ይተኛ። ደም የተቀላቀለበት ምራቅ ትንሽ ቢወጣ አትደንግጡ። አንድ ሁለት ጊዜ ማስመለስም ያጋጥማል። ሐኪሙ ሲፈቅድ ውሃ፣ ቀዝቀዝ ያለ ወተት ወይም አጥሚት በትንሽ በትንሹ ይጠጣ። መዋጥ ስለሚያመው እንቢ ይላል። ሕመም ማስታገሻው ከተሰጠው ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ አጠጡት። የማይጠጣ ልጅ ጉሮሮው ይደርቃል፤ ሕመሙም ይብስበታል። ብዙ ጊዜ በማግስቱ ወደ ቤት ይሰናበታል።

ቤት ከገባ በኋላ ያለውን ጊዜ ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ሰው ሁሉ ከኦፕራሲዮን ክፍል ከወጣ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። ቶንሲሉ በወጣበት ቦታ ላይ ነጭ ወይም ቢጫ ቅርፊት ይሠራል። መግል አይደለም፤ የቁስሉ መሸፈኛ ነው። አትንኩት፣ አትጥረጉት። አፉም ይሸታል። ጆሮውንም ያመዋል፤ ጆሮው ታሞ ሳይሆን የጉሮሮው ሕመም ወደዚያ ስለሚሄድ ነው። ከአምስተኛው እስከ ዐሥረኛው ቀን ባለው ጊዜ ያ ቅርፊት ይለቃል። በዚህን ጊዜ ነው ከጥቂት ልጆች ላይ ደም እንደገና የሚፈስሰው። ልጁ ድኖ፣ ከጥጃ ጋር ሲሯሯጥ ሰንብቶ ነው እንግዲህ።

ቤታችሁ ከመኪና መንገድ የግማሽ ቀን ጉዞ ቢሆን ምን ታደርጋላችሁ? በከተማው ዘመድ ካላችሁ ዐሥሩ ቀን እስኪያልፍ እዚያ ሰንብቱ። ወላጅ አንዱ ከልጁ ጋር ይቅር፤ ሌላው ወደ ከብቱ ይመለስ። እህል ከገባ በኋላ ያለውን ጊዜ ምረጡ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ዘመድ ከሌለ ለጎረቤት አስቀድማችሁ ንገሩ። ሌሊት ቢሆን ማን ይሸከማል? የማን በቅሎ አለች? የአምቡላንሱ ስልክ ቁጥር ከግድግዳው ላይ በትልቁ ይጻፍ።

የደም ምልክቱ ሁልጊዜ ከአፍ አይታይም። ልጅ ደሙን ይውጠዋል። ተኝቶ ሳለ ጉሮሮው ቶሎ ቶሎ የሚውጥ ከሆነ አንሡትና አፉን በመብራት እዩ። ቀይ ትኩስ ደም ከተፋ፣ ደም ካስመለሰ፣ ፊቱ ከገረጣ፣ ያን ሰዓት ጉዞ ነው። ንጋትን መጠበቅ የለም። ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ይቀመጥና ደሙን ሳህን ላይ ይትፋ። ሳህኑንም ለሐኪሙ አሳዩት። የቡና ዱቄት፣ አመድ፣ ጨርቅ ወደ ጉሮሮው አታስገቡ። የሚበላም አትስጡት፤ እንደገና ማደንዘዣ ሊያስፈልገው ይችላል። ደም ባይኖርም ከፍተኛ ትኩሳት ቢመጣ፣ ወይም ምንም አልጠጣም ብሎ ሽንቱ ቢጠፋ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ሕመሙ አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት ይቆያል። የታዘዘለትን ፓራሲታሞል በሰዓቱ ስጡ። ከጠርሙሱ ጋር የሚመጣውን መለኪያ ተጠቀሙ፤ የወጥ ማንኪያ መለኪያ አይደለም። አስፕሪን አትስጡት፤ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። ኮዴይን የሚባል መድኃኒትም ከጎረቤት ተውሳችሁ አትስጡ፤ የአንዳንድ ልጆችን ትንፋሽ አቁሟል። ምግቡ ለስለስ ያለ ይሁን። የቀዘቀዘ ገንፎ፣ እርጎ፣ አልጫ ፍትፍት ጥሩ ነው። በርበሬ፣ ትኩስ ነገርና ቆሎ ለጊዜው ይቆዩት። ለሁለት ሳምንት ያህል ከባድ ጨዋታና ዕንጨት መሸከም ይቅርበት።

አንዲት እናት ባለፈው «ዘበኛ ናቸው ካልክ፣ ዘበኛው ሲወጣ ቤቱ ባዶ አይቀርም ወይ?» ብላኛለች። ጥሩ ጠይቃለች። ቶንሲል ብቸኛው ዘበኛ አይደለም። በአንገት፣ በብብት፣ በሆድ ውስጥ ሌሎችም አሉ። በደንብ ታይቶ ቶንሲሉ የወጣለት ልጅ እንደ ሌሎቹ ልጆች ያድጋል። ግን ቶንሲሉ ስለወጣ ጉሮሮው ከእንግዲህ አይታመምም ማለት አይደለም፤ ይቀንሳል ማለት ነው። ልቡ ቀድሞ የተነካ ልጅ ደግሞ በየወሩ የሚወጋውን ፔኒሲሊን ኦፕራሲዮኑ አይተካለትም። መርፌው ይቀጥላል።

የምነግራችሁ ይህን ያህል ነው። አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቅ። ደብተር የያዛችሁ የአምቡላንሱን ስልክ ቁጥር ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ተቀብላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ጻፉ።